የጨዋታዋ ሙሽራ

ባለፈው እሑድ የልጅ ልጄ ሄለን «እስቲ ዛሬ እንኳ ከቤት ውጪ» ብላ፣ ከፖላንድ የመጡ የባህል ተጫዋቾች የአገራቸውን የገጠር ሠርግ በመድረክ ወደሚያሳዩበት አዳራሽ ይዛኝ ሄደች። ሴቶቹ ባለጥልፍ ቀሚሳቸውን እያሽከረከሩ፣ ወንዶቹ በቡት ጫማቸው ወለሉን እየደበደቡ ሲጨፍሩ እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ፤ ቫዮሊኑ ድንገት ዝም ብሎ ሙሽራይቱ በእናት በአባቷ ፊት ስትንበረከክ ግን እጄ ባለበት ቀረ። ለካ እነሱም ሳይመረቁ ከቤት አይወጡም። አባት ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ ጢሙ የተለጠፈ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ እንባዬን ያመጣው ያ ጢም ነው ብላት ሄለን ምን ትለኝ ነበር።

እንደዚያ ያለ ጢም መጀመሪያ ያየሁት ሰበታ ነው፤ ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ሳሉ፣ እኔ ዐሥር ዓመት ሳይሞላኝ። የጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች ለዘውድ በዓል የገጠር ሠርግ በመድረክ ሊያሳዩ ተነሥተው፣ ከሥራ መልስ በጥጥ መጋዘኑ ደጅ ሲለማመዱ ከበሮው እስከ ገበያው ይሰማ ነበር። መሪያቸው የፋብሪካው በር ጠባቂ ኦቦ ቶላ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀልደኛ፣ ከበሮ ሲይዙ ዕድሜያቸው የሚጠፋባቸው ሰው። የመንዙ ሰው «በእኛ አገር ሙሽራ እንዲህ አትወጣም» ሲል፣ የወሊሶው በኦሮምኛ ሲመልስለት፣ የጉራጌው ሁለቱንም ሲያርም፣ ልምምዱ ሙግት ብቻ ሆኖ ሰነበተና ኦቦ ቶላ «ይሄ የሰበታ ሠርግ ነው፣ በቃ» ብለው ዘጉት። የሙሽራዋ አባት የሆነው በየነ የሚባል የሃያ አምስት ዓመት ፈታይ ሲሆን፣ ጢሙ ከፋብሪካው ጥጥ ተሠርቶ በሙጫ የተለጠፈ ስለነበር ባስነጠሰው ቁጥር ግማሽ ፊቱ ወጣት ይሆናል።

እኔ ከአጃቢ ልጃገረዶቹ አንዷ ነበርኩ። ሙሽራዋ ታላቅ እህቴ የሺ ነበረች።

የሺ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ገመቹ ከሚባል የፉሪ ልጅ፣ ከፋብሪካው መካኒክ ጋር፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ድንኳን ሳይጣል፣ አንድ ሻንጣ ይዛ ሄዳ ነበር። ገበያው መሐል ጨርቅ የሚሸጡት አባባ፣ ደንበኛው ሁሉ እየመጣ «ልጅዎን ዳሩ አሉ፤ ሳይጠሩን?» እያለ ሲያሽሟጥጣቸው ስሟ በቤታችን እንዳይነሣ ከለከሉ። እማዬ በስውር ትጠይቃታለች፤ እሳቸው ግን መንገድ ላይ እንኳ ቢያገኟት ጃንጥላቸውን ወደ እሷ በኩል ያዘነብሉ ነበር። ሙሽራ ልሁን ብላ ኦቦ ቶላን የለመነችው የሺ ራሷ ናት። የሙሽራ ልብስ ለብሳ አታውቅማ።

በልምምዱ ላይ የበየነን ጉልበት ስትስም፣ እሱም ጢሙን በአንድ እጁ ይዞ ሲመርቃት ሳይ አንድ ሐሳብ ሽው አለብኝ። ጉልበቱን የተሳመ አባት ሰው ፊት ሳይመርቅ አይቀርም፤ ይህን ሰበታ ውስጥ ሕፃን ልጅም ያውቃል። «አባባን ከፊት ላስቀምጣቸው፤ አንቺ ከመድረኩ ውረጂ» አልኳት። የሺ ትኩር ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ነጠላዬን አስተካከለችልኝ፤ እሺ ማለቷ ነበር። አባባን ይምጡና ስዘፍን ይስሙኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች አልነገርኳቸውም።

ጨዋታው የታየው በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። በመጋዘኑ መስኮት በገባው ፀሐይ የጥጥ ብናኝ ሲንሳፈፍ፣ የማሽን ዘይት ሲሸት፣ አባባ በጥቁር ኮታቸው ከፊት አግዳሚ ላይ ቀጥ ብለው ሲቀመጡ ዛሬም ይታየኛል። የሺ ፊቷን በነጠላ ተሸፍና፣ በሚዜዎች ተደግፋ ወጣች፤ እኛ እያጨበጨብን ዘፈንን፤ ጉልበት መሳሚያው ሲደርስ በየነን አልፋ ደረጃውን ወረደች። ሰው ሳቀ። አባባም የጨዋታው ወግ መስሏቸው ፈገግ አሉ። ጉልበታቸውን ስማ ቀና ስትል ግን ነጠላው ተንሸራተተ።

ኦቦ ቶላ ከበሮውን አቆሙ። ሁሉም ታሪኩን ያውቃል። የአባባ እጅ ከራሷ በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ፤ እንደዚያ የረዘመ ጊዜ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ አረፈ። «ውለጂ፣ ክበጂ። የአብርሃም የሣራ ትዳር ያድርግልሽ። እጅሽ የነካው ይባረክ» አሉ፤ መጋዘኑ በአሜን ተናወጠ፤ በየነ ጢሙን አውልቆ ዓይኑን ሲጠርግበት አየሁ።

በሚቀጥለው እሑድ የሺና ገመቹ ድፎ ዳቦ ይዘው ቤታችን መጡ። እማዬ ቄጠማ ጎዝጉዛ ነበር። አባባ ግን ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ገበያው ሳምንቱን ሙሉ «በቴአትር ታረቁ» እያለ ሲስቅባቸው ከርሟል። ግድግዳ ግድግዳውን እያዩ፣

«እኔ የመረቅኩት የጨዋታዋን ሙሽራ ነው» አሉ።

የሺ ድፎውን በሩ ሥር አስቀምጣ ወጣች። እስከ ጅማ መንገድ ሮጬ ተከተልኳት፤ እንደ ልምምዱ ቀን ነጠላዬን አስተካከለችልኝና ከባሏ ጋር አውቶቡስ ላይ ወጣች። ድፎውን ማንም አልቆረሰውም።

ገመቹ ብዙም ሳይቆይ ድሬዳዋ ሥራ አግኝቶ ሄዱ። የሺ እዚያው በመጀመሪያ ልጇ ምጥ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈ። ውለጂ ተብላ ነበር።

አባባ ከእሷ በኋላ ብዙ ኖሩ። ሊሞቱ ሰሞን፣ ሾርባ ሳጎርሳቸው እጄን ያዙና «ያን ቀን እውነቴን ነበር፤ ሰውን ፈርቼ ነው» አሉኝ። የመረቋትን ቀን ማለታቸው ይሁን ድፎው የመጣበትን እሑድ አልጠየቅኩም። ሐሳቡ የእኔ እንደነበረም አልነገርኳቸው። ባላመጣው ኖሮ ውለው አድረው፣ በጓዳ፣ ማንም ሳያይባቸው ይታረቁ ነበር ይሆን? መጋዘኑ ፈርሷል፣ ኦቦ ቶላም አልፈዋል፣ ይህ ጥያቄ ግን ከእኔው ጋር አርጅቷል።

መድረኩ ላይ የፖላንዱ አባት በማላውቀው ቋንቋ ጥቂት ተናግሮ እጁን ከሙሽራይቱ ራስ ላይ አሳረፈ። ሰው ገና ሳያጨበጭብ፣ በዚያች ዝምታ መሐል፣ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ። ከፊታችን ያሉት ዞሩ። ሄለን አፍራ ክንዴን ያዘችኝ።

«እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለችኝ።

«እውነቱን ቢሆንስ?» አልኳት።