ዕዳ የሌለበት ሰው ቤት አይገዛም

ባለቤቴ በሕይወቱ ከማንም ተበድሮ አያውቅም። ቢያንስ እሱ እንደዚያ ነበር የሚያምነው። በስደት ካርቱም ሳለን ጎረቤቱ ሁሉ ከሱቅ በዱቤ ሲወስድ፣ እሱ በእጁ ገንዘብ ከሌለ ሻይ እንኳ አማረኝ አይልም ነበር። አትላንታ ገብተን ስኮትዴል ውስጥ አፓርትመንት ስንከራይም ጠባዩ አብሮን መጣ። አልጋውን በካሽ ገዛን፤ ቴሌቪዥኑን በካሽ ገዛን፤ በሯ ሲከፈት ሰፈር የምትቀሰቅሰውን አሮጌ መኪናችንንም እንዲሁ። እኔ ሆስፒታል በረዳትነት እሠራ ነበር፤ እሱ ዳውንታውን የሰው መኪና ፓርክ ያደርጋል። ደመወዝ በገባ ቁጥር የቤት ኪራዩን ከፍሎ ሲመለስ፣ "ተመስገን፣ የማንም ዕዳ የለብንም" ይለኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ።

ቤት እንግዛ ያልኩት እኔ ነኝ። ምክንያቴም ትልቅ አልነበረም፤ ከላያችን የሚኖረው ሰውዬ ከበሮ መማር ጀመረ። በዚያው ሰሞን ከሥራ ስመለስ ከአውቶቡስ መስኮት አንዲት ትንሽ የጡብ ቤት አየሁ። ሰፊ በረንዳ አላት፤ ደጇ ላይ "የሚሸጥ" የሚል ምልክት ተተክሏል። ባለቤቴን ሁለት ሳምንት ስነዘንዘው ከረምኩና አንድ ቀን ከረባት አስሬለት ባንክ ወሰድኩት።

ያነጋገረችን የብድር ሠራተኛ ፀጉሯን እንደ ጉልላት ወደ ላይ የከመረች፣ ሳቂታ የአሜሪካ ደቡብ ክፍል ሴት ነበረች። ገና ከመቀመጣችን "ሃኒ" አለችኝ። ባለቤቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣

"ማር ማለት አይደለም እንዴ? ከየት ታውቅሻለች?" አለኝ።

"እዚህ አገር ለሁሉም ነው የሚሉት። ዝም በል።"

ሥራችንን፣ ደመወዛችንን ጠየቀች። ደስ አላት። ቀጥላ ክሬዲታችን፣ የብድር ታሪካችን ማለት ነው፣ እንዴት እንደሆነ ጠየቀች። እኔ ሳልተረጉምለት ባለቤቴ ገብቶት ኖሮ ደረቱን ነፋ።

"ንገሪያት! አንድ ሳንቲም ዕዳ የለብንም በያት።"

ነገርኳት። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ምንም? የመኪና ብድር? የሱቅ ካርድ?"

"ኖ! ኔቨር!" አለ እሱ ራሱ በእንግሊዝኛ።

"ውይ፣ ሃኒ" አለችኝ፣ ለቅሶ ልትደርሰኝ የመጣች ይመስል። ባንክ የሚያበድረው ከዚህ በፊት ተበድሮ የመለሰን ሰው መሆኑን አስረዳችኝ፤ እኔም ለባለቤቴ አስረዳሁት። ትንሽ አሰበበት።

"ተበድሬ ቢሆን ኖሮ ታበድረኝ ነበር?"

"አዎ።"

"ስላልተበደርኩ ነው የማታምነኝ?"

"እንደዚያ ነው የምትለው።"

"እንግዲህ ይቺ ሴትዮ ጤና የላትም። ተነሺ እንሂድ።"

አልተነሳሁም። በረንዳዋ ዓይኔ ላይ ነበረች። ሴትዮዋም አላባረረችንም፤ ለዳውን ፔይመንቱ፣ ለቤቱ ቅድሚያ ክፍያ፣ የሚሆን ገንዘብ ከየት እንደምናመጣ ጠየቀችኝ። ከዕቁብ አልኳት። የምንተዋወቅ ሰዎች በየወሩ እኩል እኩል እንደምናዋጣ፣ ዙሩ ሲጀመር በዕጣ በተያዘው ተራ መሠረት ባለ ተራው ጠቅላላውን እንደሚወስድ፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ተራው የእኛ መሆኑን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ሰው ገንዘቡን ወስዶ ቢጠፋስ?"

"የት ይጠፋል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን።"

ራሷን ነቀነቀች። ለዳውን ፔይመንት መልሰን የምንከፍለው ገንዘብ አይሆንም፤ ስጦታ ከሆነ ግን ይሆናል አለችን። ስለዚህ የዕቁቡ ኃላፊ መጥቶ፣ ገንዘቡ ስጦታ ነው፣ እንዲመለስ አንጠብቅም ብሎ ይፈርም። ቀላል ነገር መሰለኝ።

የዕቁባችን ዳኛ በአገር ቤት ርዕሰ መምህር የነበሩ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ስደውልላቸው አንድም ነገር ሳይጠይቁ ከማሪዬታ ነድተው መጡ። የሴትዮዋን እጅ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጨበጡ፣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ደብዳቤውን አነበቡ። እንደገና ከላይ ጀምረው አነበቡ። ከዚያ ገፋ አደረጉት።

"ልጄ፣ እኔ ይህን አልፈርምም።"

"ምነው ጋሼ?"

"'እንዲመለስ አንጠብቅም' ይላል። እንጠብቃለን እንጂ! ባለቤትሽ አንድ ወር ቢያስቀር ቤቱ ድረስ ነው የምመጣው።"

"እውነታቸውን ነው" አለ ባለቤቴ።

በሁለቱም ተናደድኩ። "ጋሼ፣ ወረቀት ብቻ እኮ ነው። እባክዎ" አልኳቸው።

"ወረቀት ብቻ ከሆነ ለምን ያስፈርሙኛል?"

ሴትዮዋ ምን እያልን እንደሆነ ጠየቀች። ሽማግሌው አሟቸዋል ልላት ነበር፤ ግን እሳቸውም እንግሊዝኛ ያውቃሉ፣ ቁጭ ብለው እያዩኝ ነው። የሆነውን ነገርኳት። ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠችና እስኪበቃት ድረስ ሳቀች። ይህን ደብዳቤ አንብቦ አልፈርምም ያለ ሰው አይታ እንደማታውቅ ነገረችን። ከዚያ ፊቷን ወደ እሳቸው አዙራ መጠየቅ ጀመረች። ባለቤቴ ዕቁብ ከገባ ቆይቷል? ቆይቷል። ክፍያ አሳልፎ ያውቃል?

"በረዶ ጥሎ ከተማው ሁሉ መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ በሄደ ቀን እንኳ በእግሩ መጥቶ ከፍሏል" አሉ ዳኛው።

"ከዚህ በፊት ደርሷቸው ያውቃል?"

"ባለፈው ዙር መጀመሪያ የወጣው የእነሱ ዕጣ ነው። መኪናቸውን ገዙበት።"

"ከዚያስ? ዙሩ እስኪያልቅ ከፈሉ?"

"እስከ መጨረሻው።"

ሴትዮዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች። "ሃኒ፣ ይሄማ ብድር ነው! ተበድራችሁ መልሳችኋል!"

"ምን አለች?" አለ ባለቤቴ።

"ዕዳ ነበረብህ እያለችህ ነው።"

"እኔ?"

"አንተ።"

ፊቱ ዐመድ መሰለ። እርዳታ ፈልጎ ወደ ዳኛው ዞረ። እሳቸው ግን ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ እየሳቁ ነበር።

"እውነቷን ነው እኮ! መጀመሪያ የወሰደ ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የወሰደ ቆጣቢ ነው። እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብነውም?"

መላው የመጣው ከዚሁ ነው። ዕጣችንን ከመጨረሻው ባለ ተራ ጋር ከተቀያየርን ገንዘቡ የገዛ ቁጠባችን ይሆናል፤ ማንም የማያምንበትን አይፈርምም። ዳኛውና አፓርትመንቱን ያከራየን ሰው ደግሞ በሰዓቱ ከፋይ መሆናችንን ይጽፉልናል። እሷም ይዛው አለቃዋ ዘንድ ትገባለች። ቃል ግን አልገባችልንም።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናውን የሚነዳው ባለቤቴ ድንገት፣

"ታዲያ ይቺ መኪና ያን ጊዜ የማን ነበረች?" አለኝ።

የመጨረሻው ዕጣ የነበራት ካርቱም የቀረች እህቷን ልታስመጣ ደፋ ቀና የምትል ሴት ነበረች። እንቀያየር ስንላት ባለቤቴን አንገቱን አንቃ ሳመችው። እህቷ በጋው ሳይወጣ መጣች። እኛ ግን ተራችን እስኪደርስ ስንጠብቅ የጡቧ ቤት ተሸጠች። አንድ ቀን ሳልፍ በረንዳዋ ላይ የሰው ወንበር አየሁና አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት መሀረብ ሰጡኝ፤ የሞተብኝ ሰው መስሏቸው ነው። ከበሮ መቺው እንኳ በዚያ መሀል ደህና መምታት ጀምሮ ነበር።

ዕጣው ደርሶን ባንክ ስንመለስ የሴትዮዋ አለቃ እሺ አለ። ቤት አሻሻጩ ሎረንስቪል ድረስ ወስዶ ሰፋፊ ቤቶች አሳየን። ባለቤቴ፣ "እዚህ ለመኖር ስንቅ ይዞ መውጣት ሳያስፈልግ አይቀርም" ብሎ እንቢ አለ። በመጨረሻ ከአፓርትመንታችን ብዙም የማይርቅ፣ በረንዳ የሌለው፣ ምንጣፉ የሳር መልክ ያለው ቤት አገኘን። በፊርማው ቀን ባለቤቴ አንድም ወረቀት ሳያነብ አላለፈም፤ ያልገባውን እኔ እየተረጎምኩለት። ፊርማውን የሚያስፈጽመው ጠበቃ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። ክፍያው ሠላሳ ዓመት ነው የሚለው ላይ ሲደርስ ባለቤቴ ቀና አለ።

"ሠላሳ ዓመት እኖራለሁ ብለው ነው?"

"እንደዚያ ነው ተስፋቸው።"

"ደግ ሰዎች ናቸው" አለና ፈረመ።

የመጀመሪያው ክፍያ ሲደርስ ቼክ በፖስታ ላክ ቢሉት አልሰማም። ፈቃድ ወስዶ ካሹን ይዞ ባንክ ሄደና ሴትዮዋ ፊት ቆጥሮ አስቀመጠላት። እሷም ከወንበሯ ተነስታ ተቀበለችው። ወር በመጣ ቁጥር እንዲሁ እየሄደ ቆየ፤ በኋላ እሷ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛወረች። ያኔ ቼክ መጻፍ አስተማርኩት። ሦስቱን አበላሽቶ አራተኛውን አቃና። ፖስታውን በምላሱ አሸገና ደጃችን ያለውን የፖስታ ሳጥን አልፎ፣ መኪናውን አስነስቶ ፖስታ ቤት ድረስ ወሰደው።