አልጋ ስር የነበረችው ሴት

እህቴ ሕክምና ስትማር ቴሌግራም ላይ የሰው ራስ ቅል ገዛች። ይህን እንዲህ በአንድ ትንፋሽ መጻፍ መቻሌ ደስ ይለኛል፤ ያን ሰሞን ግን ለማንም አልተነፈስኩም።

ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል እንጋራለን። ከአልጋዋ ስር ካርቶን አየሁና ጫማ የደበቀችብኝ መስሎኝ ጎተትኩት። ራስ ቅሏ በአሮጌ ቲሸርት ተጠቅልላ ነበር።

«እንዳትጮሂ! እማዬ ትሰማለች» አለች እህቴ ከኋላዬ ደርሳ።

«የማን ነው?»

«የኔ ነዋ፣ ገዝቼው።»

«ካንቺ በፊት የማን ነበር ነው የምልሽ!»

እህቴ ጣቷን ቅንድብ የነበረበት ቦታ ላይ አሳለፈች። «ሴት ናት። ወንድ ቢሆን እዚህ ጋ ወጣ ይል ነበር። የመጨረሻ መንጋጋዋም ገና ብቅ እያለ ነው፤ ልጅ ናት።»

ልጅ! ከእኔ ምን ያህል ትበልጥ ይሆን?

ትምህርት ቤታቸው ያለው አጥንት ጥቂት ስለሆነ የጨረሱት ለጀመሩት ይሸጣሉ አለችኝ። አናቶሚ አንዴ ወድቃለች፤ ከደገመች ትባረራለች። እኔ ደግሞ ያቺ ልጅ ካርቶን ውስጥ መሆኗ እንቅልፍ ነሳኝ። ስነዘንዛት ተስማማን፤ ከፈተናው በፊት የሚቀብራት ሰው ካገኘሁ ፈተናው ሲያልቅ እወስዳታለሁ፤ ካላገኘሁ ትሸጣታለች።

በዚያው ሳምንት የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ ቤታችን መጡ። ስሸኛቸው ደረጃው ላይ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ስሙ የማይታወቅ ሰው ቢሞት ፍትሐት ይደረግለታል?»

«ፍትሐቱማ በክርስትና ስሙ ነው፣ ልጄ። ማን ሞተ?»

«ማንም። እንዲያው ነው።»

ቆም ብለው አዩኝ። «የምትነግሪኝ ነገር ካለ ንገሪኝ።»

እህቴን ማጋለጥ ፈራሁ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወደ ላይ ሮጥኩ። የጎደለኝ ስም ብቻ ነው ብዬ አሰብኩና ቴሌግራም ላይ ለሻጩ ጻፍኩለት።

«ሰላም። ለእህቴ የሸጥክላት ሴት የክርስትና ስሟ ማን ነው?»

«ምን?»

«ስሟ። ወይም የየት አገር ሰው እንደሆነች።»

«እኔም ከሲኒየር ነው የገዛሁት። ኦሪጅናል መሆኗን ከሆነ የምትጠይቂኝ፣ ኦሪጅናል ናት። ፕላስቲክ አይደለችም። ጥርሷ ሙሉ ነው።»

«ሰው እኮ ናት!»

«እሱን ነው የምልሽ፤ ኦሪጅናል ናት።»

ሦስት ሳምንት ስም ስፈልግ አለፈ። ክርስቲያን ትሁን ሙስሊም እንኳ አላወቅኩም።

እህቴ አለፈች። ውጤቱ የወጣ ቀን አንጠልጥላ አሽከረከረችኝ፤ እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ አልጋው ስር አየሁ። ባዶ ነው።

«ተስማምተን የለ? የሚቀብራት አላገኘሽም» አለችኝ፤ ፊቷን ግን አዞረች። «የወሰደቻት ልጅም እንደኔ እንዳትባረር ፈርታ ነው።»

አባ በሚቀጥለው ወር ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«እኔ የነገርኩሽ ስለ ፍትሐቱ ነው» አሉኝ። «ቀብር ማን ከለከለሽ? ብታመጪልኝ አፈር እነፍጋታለሁ?»

እኔ ሞኝ! ስም ስፈልግ እሷን አጣኋት።

እህቴን ለምኜ የገዢዋን አድራሻ ተቀበልኩ። ስትጨርሺ ለኔ ሽጭልኝ ብዬ ጻፍኩላት። እኔም በመጨረሻ ገዢ ሆንኩ።

«ወረፋ አለ። ስንተኛ ዓመት ነሽ?»

«ሕክምና አልማርም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልሻል?»

«ልቀብራት ነው።»

መልእክቱን አየችው። መጻፍ ጀመረች፣ ተወችው፤ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ፎቶዋ ከስልኬ ላይ ጠፋ። ብሎክ አድርጋኛለች።