የመርፌው ክዳን

ሚስቴ አሥራ ስድስት ዓመት ልብስ ስትሰፋ ኖራ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነርስ ካልሆንኩ ብላ ተነሳች። እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ቤታችን ውስጥ ሦስት ልጆች አሉ፤ ስኳር ያለባት እናቴም የምትኖረው ከእኛ ጋር ነው። እሺ ያልኩበትን ቀን ስረግም ይኸው ሁለት ዓመት ተኩል ሆነኝ። በስተርጅና የሴት ልጅ ፀጉር መጎንጎን ተምሬያለሁ። የስፌት መኪናው ላይ የተከመረው መጽሐፍ እግሬ ላይ ወድቆ የአውራ ጣቴን ጥፍር አጥቁሮታል።

ይሁን፣ ይህን ሁሉ ችዬዋለሁ። ጨጓራዬን የላጠው አፏ ነው። ልብስ ሰፊ ሁለት እጇ ሲያዝባት ስፒሉን በከንፈሯ ትይዛለች። የእኔዋም ሳይታወቃት ያገኘችውን ሁሉ በከንፈሯ መያዝ ለምዳለች። በመርፌ አወጋግ የተግባር ፈተናው ላይ ታዲያ የመርፌውን ክዳን ነቅላ ከንፈሯ ላይ ሰካችውና ወደቀች። አንድ ዕድል ብቻ ቀራት፤ እሱን ከሳተች ከትምህርቱ ትሰናበታለች።

ይህን የሰማች እናቴ በየጠዋቱ የምትወጋውን ኢንሱሊን ሚስቴ እንዳትነካባት ከለከለች። አፍ የገባ መርፌ አልወጋም አለች። ስለዚህ ከሥራ በፊት እሷን ጤና ጣቢያ ማመላለስ የእኔ ዕዳ ሆነ።

ቤተሰቡ በሙሉ ዘበኛ ሆኖ ቆመ። ሚስቴ እስክሪብቶ ወደ ከንፈሯ ስታስጠጋ ትንሿ ልጃችን "አፍ" ትላታለች። የልብስ መቆንጠጫ ሲሆን "አፍ"፣ የበር ቁልፍ ሲሆን "አፍ"። ጆሮዬ ደነቆረ። አንድ ቀን ቲኬቱን በጥርሱ የያዘ ተሳፋሪ ላይ "አፍ" ብዬ አምባርቄ፣ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

የሁለተኛው ፈተና ዕለት ከሰዓት በኋላ ፊቷ ጠቁሮ መጣች። ሁሉን አስተካክላ ሠርታ፣ የመፈተኛውን የፕላስቲክ ክንድ ልትወጋ ስትል ክዳኑ ከንፈሯን ነካ ያደርጋል። ፈታኟ አጎንብሳ ስትጽፍ ስለነበር አላየችም። የእኔዋ ታዲያ ምን ብትል ጥሩ ነው? አፌን ነክቷል፣ ይህን ጥዬ በአዲስ መርፌ ከመጀመሪያው ልሥራ ብላ እርፍ። ፈታኟም ደግማ አሠርታት፣ ውጤትሽ ዓርብ ይለጠፋል ብላ ሸኘቻት።

ደሜ ፈላ። ድሮም አመሏ ይኸው ነው። ደንበኛ በር ላይ ቆሞ እየጠበቃት፣ ማንም የማያየው የውስጥ ስፌት ጠመመ ብላ ያለቀ ቀሚስ ትተረትር ነበር።

"ካላየችሽ ምን አስለፈለፈሽ?" አልኳት።

"እኔ አይቼዋለሁ" አለችኝና ጫማዋን ማውለቅ ቀጠለች።

ሁለት ዓመት ተኩል በአንድ ቃል ገደል ገባ ብዬ ተናደድኩ፤ ራቴንም ሳልበላ ተኛሁ። እናቴ ከመኝታ ክፍሏ ሆና ሁሉንም ስትሰማ እንደነበር አላወቅኩም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጤና ጣቢያ ልወስዳት ጃኬቴን ለብሼ ስመጣ፣ እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

"አንተ ወደ ሥራህ ሂድ፤ እሷን ጥራልኝ" አለች። "ማንም ሳያያት አፌን ነክቷል ብላ የምትናገር ሰው ትውጋኝ።"

ዓርብ ዕለት ማለፏ ሲለጠፍ፣ ከቤቱ ሰው ያልገረማት እናቴ ብቻ ነበረች። እኔ አፌን ዘግቼ የልጄን ፀጉር ጎነጎንኩ።