ግራሶ የሌለው ገጽ

ከወልቂጤ እስከ ቆሼ የቆመ የናፍጣ ወፍጮ ካለ የሚጠራው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ፊደሉንም ሞተሩንም ብቻዬን ነው የቆጠርኩት። ባለዲግሪዎች ጥለውት የሄዱትን ሞተር አስነስቻለሁ፤ የምለው እውነት ስለሆነ ነው።

የምሠራበት የሞተር መመሪያ አንድ መጽሐፍ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ስለቀው ብዙ በሠራሁበት ቦታ ራሱ ይከፈታል። ጠርዙ በግራሶ የጠቆረው የፖምፓው ገጽ ነው፤ ሻይ የፈሰሰበት የቫልቩ። የገጽ ቁጥር አላውቅም፣ እድፉን ነው የማውቀው።

ካለፈው ክረምት ወዲህ ግን የማውቀው ነገር ከአእምሮዬ ይጠፋብኝ ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። መጽሐፉም ቅጠሉ ይረግፋል። ቡታጅራ ኮምፒዩተር ቤት ያላት ልጄ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ታብሌት ላይ ጫነችልኝ። ስከፍተው ክው አልኩ። ሁሉም ገጽ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጭ ነው።

«እድፉስ?» አልኳት።

«አጸዳሁልህ እኮ አባባ! ዓይኔ እስኪጠፋ!»

«ዕድሜዬን ነው ያጠብሽው።»

«ቆሻሻ ጠፋብኝ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ገና ዛሬ አየሁ» ብላ ሳቀች።

«ሳቂ። ግን መልሺው።»

እንደገና ከነእድፉ አነሳችው። እኔ ግን በዚያ አልረካሁም። ከእንግዲህ ታብሌቱ ላይ የምከፍተው ገጽም በከፈትኩት ቁጥር ይቆሽሽ፣ ብዙ ያየሁት ብዙ ይጥቆር አልኳት። አደረገችው። ሐሳቡ የኔ ነው፤ እሷ ኮምፒዩተሩን ብቻ ነው ያዘዘችው። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ማሰቡን እጠራጠራለሁ።

በቀደም እንሴኖ ያለ ባለወፍጮ ደወለ።

«ጋሼ፣ አሰላሙ አለይኩም። ሞተሩ እምቢ አለ። ነገ ገበያ ነው፣ ሰው እህሉን ይዞ ይመጣብኛል።»

«በጠዋት እደርሳለሁ፣ አታስብ።»

ታብሌቱን ከፈትኩ። ከሁሉ የጠቆረው የፖምፓው ገጽ አልነበረም። ከናፍጣው መስመር አየር ማስወጣትን የሚያሳየው ገጽ ነው። ይህ ማንኛውም ጀማሪ መጀመሪያ የሚለምደው ሥራ ነው፤ በወረቀቱ መጽሐፍ ላይ ከሁሉ ንጹሕ የነበረውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም በቃሌ ነበር የማውቀው። አሁን ጠርዙ ከሰል መስሏል። አንድም ቀን መክፈቴ ትዝ አይለኝም። ታብሌቱን ደግሞ ከኔ በቀር የሚነካው የለም።

ታብሌቱን ይዤ ወደ ልጄ ሱቅ ሄድኩ።

«ይሄ ነገርሽ ይሳሳታል?»

«አይሳሳትም። ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው።»

ታብሌቱን ከእጄ ወስዳ አየችው። የጠቆረውን ገጽ አየች፣ ከዚያ እኔን። እንደ በፊቱ አልሳቀችብኝም። በዕድሜዬ ለሥራ ማንንም አስከትዬ አላውቅም፤ ሰው ከጎኔ ቆሞ ሲያየኝ አልወድም። ግን የነገው ገበያ፣ የሰው እህል፣ የባለወፍጮው ድምፅ ፊቴ ተደቀኑ።

«ነገ እንሴኖ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

«ምን ልሠራ አባባ?»

«ይህን ገጽ ታነቢልኛለሽ። ዳዶውን የምፈታው እኔ ነኝ።»