ፌጦ ለሆድ ብሶት

በ2020 ኮሮና የምሠራበትን ካዚኖ ዘግቶ እኔን ቤት ሲያስቀምጠኝ፣ የኮሌጅ ተማሪዋ ልጄ ክፍሏ ውስጥ ላፕቶፕ ላይ ተቀብራ ነበር። ትምህርቱ ሁሉ በዙም ሆኗል። ውሎዋ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ፍሪጅ ነው። በእኛ ሰፈር በስፕሪንግ ቫሊ ይሄም እንደ ሩቅ ጉዞ ይቆጠራል፤ ጎረቤት ለመጠየቅ መኪና የምናስነሳ ሰዎች ነን። እኔማ ሥራ ስፈታ ከመወፈሬ የተነሣ ሶፋው ሸሽቶኝ ሊሄድ ምንም አልቀረው።

አንድ ቀን ጠዋት ብቅ ብላ፣ “አባ፣ ሆዴ ባሰብኝ” አለችኝ።

እዚሁ ፈረንጅ አገር የተወለደች ልጅ እንዲህ አማርኛ ስትናገር ደስ ይላል። ወዲያው ፌጦ ወቅጬ በሎሚ በጠበጥኩላት። ፊቷን አጨማዳ ጠጣች። በማግስቱም “ባሰብኝ” አለች፤ ፌጦውን እጥፍ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን ዘንዶ የሚገድል ፌጦ ይዤ ስቀርብ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

“አቃጠለሽ እንዴ?”

“ሆዴ ፋይን ነው፣ አባ። ማሚ ሲከፋት ‘ሆድ ባሰኝ’ ትል የለ? እሱን ነው የምልህ። ሰኞ ኮሌጁን ድሮፕ ላደርግ ነው።”

በአንዲት “ብ” ምክንያት የከፋትን ልጅ ሆዷን ሳጥብ ሰነበትኩ!

ምክሬን ከፌጦው ጋር ወደ ጎን አደረግሁት። “እሺ፣ ሰኞ ታቆሚያለሽ። እስከዚያ ግን ጠዋት ጠዋት ሎን ማውንቴን አብረሽኝ ትወጫለሽ። ብቻዬን ከወጣሁ የሚያወርደኝ ሄሊኮፕተር ነው።”

“ሄሊኮፕተሩ አይችልህም።”

ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ቀልዷ ነውና ስድቡን እንደ ምርቃት ተቀበልኩት።

ሎን ማውንቴን ለሌላው ሰው ኮረብታ ናት፤ እኔ ስወጣት ግን ታድጋለች። ገና እግሯ ሥር ድንጋይ ላይ ተዘርፍጬ መናዘዝ ጀመርኩ። “መኪናውን ለእናትሽ…”

“መኪናው ሊዝ ነው፣ የእኛ አይደለም። ተነሥ፣ አባ።”

እየጎተተች አወጣችኝ። ጫፍ ላይ ጉንጮቿ ቀልተው፣ ላቧ እየወረደ፣ ስታለከልክ አየኋት፤ ያን ቀን ምሳዋን ጠርጋ በላች። በማግስቱ የቀሰቀሰችኝ እሷ ናት።

ሰኞ ጫማዬን እያሰርኩ፣ “ዛሬ አይደል ድሮፕ የምታደርጊው?” አልኳት።

“ዛሬ ቢዚ ነኝ። የክፍሌን ልጆች ተራራው ጋ ኑ ብያቸዋለሁ።”

ማስክ አድርገው፣ ተራርቀው ቆመው ጠበቁን፤ እንደ እሷ ክፍላቸው ውስጥ የሻገቱ ልጆች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ይወጣሉ፣ ሲወርዱ ዙም ይከፍታሉ። ፈተናውን እግሯ ተፈተነላት አልልም፤ ያጠናችው ራሷ ናት። ለማጥናት ከአልጋ ያስነሣት ግን እግሯ ነው፤ በዚህ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ፣ ዳገቱ ላይ እንገናኝ።

በ2021 ጸደይ ኮርሶቿን ሁሉ አለፈች። የሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲከፈት እሷ ጫፍ ላይ ነበረች፤ እኔ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለሁ ስልኳን ከፍ አድርጋ፣ “ተመዘገብኩ፣ አባ!” ስትል ሰማሁ። ላፏጭላት ሞከርኩ፤ ትንፋሽ ከየት ይምጣ? ባርኔጣዬን አውልቄ እስክትወርድ ድረስ አውለበለብኩላት።