ጥቁር የለበሰችው እንግዳ

የጥፍር ቀለም ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው ከመኝታ ቤት ወጣሁ። የልጅ ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሮቿን ጥቁር ትቀባለች፤ ከንፈሯም ጠቁሯል። «ምን ሆነሽ ነው?» ብላት፣ «ጎዝ የሚባል አለባበስ ነው፣ አንቺ አይገባሽም» አለችኝ። አይገባሽም! እኔ እኮ የመጀመሪያዋን ጎዝ ያየሁት ቢቸና ላይ ነው፤ ያውም በደርግ ጊዜ።

ያኔ ዐሥረኛ ክፍል ነበርኩ። በእንግሊዝኛ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ጉራ እንዳይመስልህ፣ እውነት ስለሆነ ነው። ቢቸናና ሞጣ አካባቢ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣው ፈረንጅ መሐንዲስ ከጎናችን ቤት ሲከራይ፣ ለአስተርጓሚነት የተጠራሁት እኔ ነኝ። ክረምት ላይ ልጁ ልትጠይቀው መጣች። ከላንድሮቨሩ ስትወርድ ሰፈሩ ሁሉ ሊያያት ደጅ ወጣ። ከጸጉሯ እስከ ቡት ጫማዋ ጥቁር በጥቁር ናት። ዓይኖቿ ዙሪያቸውን ተኩለዋል፤ ደረቷ ላይ ትልቅ የብር መስቀል ተንጠልጥሏል።

«ኧረ ምስኪን፣ ማን ሞቶባት ይሆን?» አሉ የሰፈሩ ሴቶች።

«ኩል የተኳለች ኀዘንተኛ አይቼ አላውቅም» አለች አንዷ።

«እንደየአገሩ ነዋ!» አሏት።

በማግስቱ ጠዋት ንፍሮ ቀቅለው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሊያስተዛዝኗት ሄዱ። እናቴ ከፊት ነበረች።

ለምን እንደቸኮለች አውቃለሁ። ሞጣ አስተማሪ የነበረው ታላቅ ወንድሜ በቀይ ሽብር ጊዜ እዚያው ተገድሏል። አስከሬኑን አልሰጡንም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ደጃችን ቆሞ፣ «ለአናርኪስት አይለቀስም፤ ጥቁርም አይለበስም» ብሎን ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ነጭ እንደለበሰች፣ እንባዋን እንደዋጠች ኖረች።

ሴቶቹ በረንዳው ላይ ሰሌን አንጥፈው ተቀመጡ። ዝናብ አባርቶ ስስ ፀሐይ ወጥቷል፤ ትኩሱ ንፍሮ ይሸታል። «ማን እንደሞተባት ጠይቂልን» አሉኝ። ጠየቅኋት። ልጅቷ ግራ ገባት። ማንም አልሞተባትም። አገሯ እንደሷ የሚለብሱ ብዙ ወጣቶች እንዳሉ፣ መቃብር ቦታ መቀመጥ እንደሚወዱ ነገረችኝ። «ሰው ሁሉ ደስተኛ ለመምሰል ይጨነቃል» አለች። «እኛ ኀዘናችንን አንደብቅም።»

እናቴን አየኋት። አፏን በነጠላዋ ይዛ መልሴን ትጠብቃለች። ማንም አልሞተም ካልኩ ሁሉም ተነስተው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ለልጅቷ የወንድሜን ነገር በእንግሊዝኛ ባጭሩ ነገርኳት፤ እናቴ ማልቀስ እንደተከለከለችም አልደበቅኋትም። ልጅቷ ከወንበሯ ወርዳ ሰሌኑ ላይ እናቴ አጠገብ ቁጭ አለች።

እኔም ወደ ሴቶቹ ዞሬ፣ «ወንድሟ ነው የሞተባት» አልኩ። እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩበትም።

እናቴ ጮኸች። እንዲያ ያለ ድምፅ ከእሷ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሌሎቹም ደረታቸውን እየደቁ ተከተሏት። ሊቀመንበሩ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፈረንጇ ወንድሟ ሞቶባት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር። የእንግዳ ኀዘንም ተከልክሏል?» አልኩት።

እናቴን አየ፤ ልጅቷን አየ። ነገሩ ገብቶታል። ግን ፈረንጅ ፊት ምን ይበል? ኮፍያውን አውልቆ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሲያቀርቡለትም ንፍሮውን ዘገነ።

ልጅቷ ከሙሾው አንዲት ቃል ሳይገባት አለቀሰች። ኩሉ በጉንጮቿ ወረደ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገችላት፣ ሊቀመንበሩ እየሰማ፣ «አይዞሽ ልጄ» አለቻት። «ወንድምሽ ደግ ልጅ ነበር። ተማሪዎቹ ሁሉ ይወዱት ነበር።»

ይህን ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ወንድሜ የተለቀሰለት በዚያች ቀን ብቻ ነው።