ገሱባ ላይ የተመለሰው 401

ገሱባ የሄድኩት በስልክ ማስረዳት ስለታከተኝ ነው። እዚያ ያለ አንድ ትምህርት ቤት የማታ ተማሪዎቹን ለፈተና የሚያስመዘግበው እኛ ሶዶ በሠራነው ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ስማቸውን ወደ ዋናው ሰርቨር ይልካል፤ ሰርቨሩ ግን ከትናንት ጀምሮ 401 የሚል የስህተት ቁጥር ይመልሳል። የሌሎቹ ስም ቀደም ብሎ አልፏል። የቀረችው አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች እናት ናት። ምዝገባው ዛሬ ይዘጋል።

ስደርስ መዝገብ ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ነበር።

«የይለፍ ቃሉን ደጋግሜ ቀየርኩ» አሉ መዝጋቢው፣ ጡረታቸው የደረሰ ሰው። «አሁን የቀረኝ የራሴን ስም መቀየር ነው።»

«ጋሼ፣ ምንም አይቀይሩ።»

401 «ማን መሆንህን አላረጋገጥኩም» ማለት ነው። 403 ቢሆን «አውቄሃለሁ፣ ግን አይፈቀድልህም» ይል ነበር። ሰው ሁሉ ቁጥሩን ያይና የይለፍ ቃሉ ላይ ይዘምታል። ከቁጥሩ ጋር ማብራሪያም ይመጣል፤ ፕሮግራማችን ግን አያሳየውም። በስብሰባ ስንት ጊዜ አንስቼዋለሁ!

ሙሉውን ምላሽ ከፍቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። የተላከበት ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቷል ይላል። የስክሪኑን ጥግ አየሁ። ስምንት ሰዓት ይላል፤ ከጎኑ ግን የጠዋት ምልክት አለ።

«ሰዓቱን ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት፣ ትናንት። የፈረንጅ ሰዓት እያሰላሁ ደወል ማስደወል መረረኝ።»

ሴትየዋ ስልኳን አየች። «ስምንት ሰዓት ነው እኮ። ልክ ነው።»

«ለእኛ ልክ ነው። ሰርቨሩ የሚያየው ግን ገና ጠዋት የተላከ ጥያቄ ነው፤ ያረጀ ጥያቄ ደግሞ አይቀበልም።»

ከዚህ በላይ ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ሰዓቱን ወደ ነበረበት መልሼ ስሟን እንደገና ላክሁ። 201 መጣ፤ ተመዝግቧል ማለት ነው።

«አለፈ» አልኳት።

«ስሜን አሳዪኝ።»

ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች እስከ አያቷ ስም ድረስ ፊደል በፊደል አነበበች። እኔም በልጆቼ እኩዮች መሃል ተቀምጬ ነው የተፈተንኩት፤ ግን አልነገርኳትም።

«እህቴ፣ ፈተናውም እንዲህ ያንገላታል?»

«ፈተናው ቢያንስ ጥያቄው ምን እንደሆነ ያሳይሻል።»

ሳቀች። «እንግዲያው ሄጄ ላጥና» ብላ ተነሳች።